ሹፌሮችና ብስክሌተኞች፦ እስቲ በግልጽ እናውራ፣ ምኑ ነው የሚያናድዳችሁ?

ፔዳል_ረገጥ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ መኪና የሚነዳው ይበዛል። ሳይክል የሚነዳውም እያደር እየበዛ ነው። መንገድ ላይ ግን የምንነጋገረው በክላክስና በስድብ ብቻ ነው። እስቲ ዛሬ ሞተር አጥፍተን እናውራ።

በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ሥራ የምመላለሰው በሳይክል ነው። ከመገናኛ ወደ ቦሌ ባለው መንገድ ላይ ቅሬታዬ ትንሽ ነው። ለብስክሌት የተለየ መስመር አለ፣ መኪና አይገባበትም። (እግረኛው ይሄድበታል፣ ፎቶ የሚነሳው ይቆምበታል። እሱን ሌላ ቀን።) ጉዱ የሚመጣው መስመሩ ሲያልቅ ነው። ወደ ገርጂ ወይ ወደ ሰሚት ልትገባ ስትል መስመሩ ድንገት ይጠፋል። ሳታስበው ከገልባጭ መኪና ጋር ትከሻ ለትከሻ ትሆናለህ።

የሚያበግነኝን ልናገር። አንዱ የሚኒባስ በር ነው። ታክሲው ገና ሳይቆም በሩ ይከፈታል፣ ተሳፋሪው ወደ ኋላ ሳያይ ዘሎ ይወርዳል። ሌላው ቀኝ ታጣፊው ነው። አልፎኝ ይሄድና ጥቂት ሜትር ሳይርቅ፣ ያለ ፍሬቻ፣ ፊቴ ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ፍሬን ይዤ ብተርፍ እንኳ እሱ መኖሬንም አላወቀም። ደግሞ አለ ከኋላ ተጠግቶ ክላክሱን የሚያስጮህ። ምን ላድርግለት? ልብረር?

ከመስኮት የሚወረወረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ጠርዝ ያዝ!» «መንገዱ ያባትህ ነው?» «ሠርተህ መኪና ግዛ!»

ሹፌሮች፣ ተራው የእናንተ ነው። እኛ ምን ስናደርግ ነው የምትናደዱት? እውነቱን ንገሩን፣ አልቀየምም።

ጋሽ_ቪትዝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ጠይቀሃልና ልንገርህ። እኔ ከላዳ ዘመን ጀምሮ መሪ ይዣለሁ።

ቀይ መብራት ለእናንተ አይሠራም እንዴ? እኔ ቆሜ ስጠብቅ አንተ በመኪናው መሐል ተሹለክልከህ ፊት ትደርሳለህ፣ ግራ ቀኝ ታይና ትሻገራለህ። ትራፊኩ የሚያየው እኔን ነው። አንተ ሰሌዳ የለህ፣ ሊብሬ የለህ፣ ቦሎ የለህ፣ መንጃ ፈቃድ የለህ። ስፖኪዮዬን ገጭተህ ብትሄድ ማንን ልክሰስ? አንዱ እንዲሁ ሰብሮብኝ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ሄዷል። የስፖኪዮ ዋጋ አሁን የት እንደደረሰ ታውቃለህ?

በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣም አለ። ብትጠይቀው «መዞሪያው ሩቅ ነው» ይልሃል። ለእኔስ ቅርብ ነው? ሲመሽ ደግሞ ጥቁር ጃኬት፣ ጥቁር ሱሪ፣ መብራት የለ፣ አንጸባራቂ የለ። የመንገድ መብራት በሌለበት ሰፈር ከአፍንጫዬ ሥር ሲደርስ ነው የማየው። ብገጨው እስር ቤት የምገባው እኔ ነኝ።

ሰሌዳ ይለጠፍባችሁ። ስለ መብት ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ዴሊቨሪው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጋሼ፣ በአክብሮት ልመልስልዎት።

በተቃራኒ የሚመጣውን እኛም አንወደውም። ፊት ለፊት የምንላተመው እኛው ነን። መብራት ሳያበራ በማታ የሚነዳውንም አልከራከርለትም።

ስለ ቀዩ መብራት ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ከመኪናው መሐል ወጥቼ ፊት የምቆመው ለመቅደም ብቻ አይደለም። አረንጓዴ ሲበራ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል። ግራዬ አውቶቡስ፣ ቀኜ ሚኒባስ። ሳይክል ደግሞ ሲነሳ ትንሽ ይንገዳገዳል፣ ዳገት ከሆነማ አይጠይቁኝ። በተለይ ጀርባዬ ላይ ያ ትልቅ ሳጥን ካለ። ፊት ከቆምኩ ሁሉም ያየኛል። መሐል ከቆምኩ ግን ማንም አያየኝም። ቀዩን ጥሶ መሻገር ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ልክ ነው አልልም።

ሞተር ሳይክል በ2011 ክረምት መግቢያ ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ ከተማ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ከታገደ በኋላ ብዙ የዕቃ ማድረስ ሥራ ወደ ፔዳል ዞሯል። ምሳዎን ያዘዙ ቀን የሚያመጣልዎ እኔ ነኝ ማለት ነው። ቶሎ ካልደረስኩ ደንበኛው ይደውላል፣ ከቸኮልኩ እርስዎ ይቆጡኛል።

የሰሌዳው ነገር ግድ የለኝም። ግን ሰሌዳ ያላቸው ምን ሲያደርጉ እንደሚውሉ አብረን እያየን ነው።

ወራጅ_አለ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

የበሩን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። ሚኒባስ ነው የምነዳው፣ ከዚያ በፊት ረዳት ነበርኩ።

በሩ ቀድሞ የሚከፈተው ረዳቱ ክፉ ስለሆነ አይደለም። መኪናው የእኔ አይደለም። ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ አስረክባለሁ፣ ነዳጁን እሞላለሁ፣ የተረፈችው ናት ለእኔና ለረዳቱ። ፌርማታው ላይ ትንሽ ቀድሜ ከደረስኩ የቆመው ሰው የእኔ ነው፣ ከዘገየሁ ሌላው ታክሲ ያነሳዋል። ረዳቱ ከበሩ ወጥቶ ካልተጣራ ወንበሩ ባዶውን ይሄዳል። ተሳፋሪውም እኮ አለ። «ወራጅ» ካለ እዚያው ካልወረደ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ፌርማታ ድረስ ትንሽ መራመድ ለሀበሻ ሞት ነው።

እና ምን ይደረግ ካላችሁ፣ ይህን ስሙኝ። ከጠርዙ ትንሽ ርቄ ስቆም በቀኜ የምትቀረውን ክፍተት ብስክሌተኛው መንገድ ናት ብሎ ይገባባታል። መንገድ አይደለችም፣ በር ናት። የፍሬን መብራቴ ሲበራ ወይ ረዳቱ ከወገቡ በላይ ወጥቶ ካያችሁ በቀኝ አትግቡ። በግራ እለፉ። ካልተመቻችሁ ከኋላዬ ቁሙ። እኔ እንደሆንኩ እዚያ አላድርም፣ ሰው ጭኜ እሄዳለሁ።

ረዳቴን «ከመክፈትህ በፊት ወደ ኋላ እይ» ብዬ አስለምጄዋለሁ። ግን ረዳት ይቀያየራል። ዛሬ ያስለመድከው ነገ ሌላ ታክሲ ላይ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ዳገት ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሰው ሞልቼ ስወጣ ያ አሮጌ ሞተር ነፍሱን ይዞ ነው። ፊቴ ሳይክል ካለ የያዝኩት ፍጥነት ይጠፋል፣ አንደኛ ማርሽ እገባለሁ፣ ፍሪሲዮኑ ይሸታል። ያን ጊዜ ክላክስ አደርጋለሁ፣ አልዋሽም።

ፔዳል_ረገጥ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

@ወራጅ_አለ ይህን ነው ስፈልግ የነበረው፣ አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን «በግራ እለፍ» ትለኛለህ። በግራ ስወጣ ደግሞ ጋሽ ቪትዝ ይመጣሉ 😄

ጋሽ_ቪትዝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እኔ አልገጭህም። ግን እጅህን ዘርጋና አሳየኝ። ዞር ብለህ እየኝ። ዓይን ለዓይን የተያየ ሰው ይለቃል። አንተ ጆሮህ ላይ ማዳመጫ ሰክተህ፣ ወደ ኋላ ሳታይ፣ ሹልክ ብለህ ስትወጣ ነው ደሜ የሚፈላው።

አዜብ_ጣና | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔ ያደግሁት ባህር ዳር ነው። እኛ ጋ ሳይክል መንዳት የድህነት ወይ የስፖርት ጉዳይ አይደለም። መምህሩም ይነዳል፣ የባንክ ሠራተኛዋም ትነዳለች፣ አባት ልጁን ከኋላ ጭኖ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ሐዋሳም እንደዚያው። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድያችን 380 ሜትር ነው፣ የብስክሌትና የእግረኛ መተላለፊያም አለው። እሱ ላይ መንዳት እንዴት ደስ እንደሚል! ከድልድዩ ወርደሽ ከተማ ስትገቢ ግን ባጃጅ ይቀበልሻል። ባጃጅ እንደ ሳይክል ይሹለከለካል፣ ሲገጭ ግን መኪና ነው።

አዲስ አበባ ስመጣ ያስደነገጠኝ ዳገቱ ሳይሆን ስድቡ ነው። ለምን እንደሆነ ሳስበው፣ ባህር ዳር ሹፌሩ ራሱ ትናንት ሳይክል ላይ ነበር፣ ወይ እህቱ አሁን ሳይክል ላይ ናት። ሲያልፍሽ ጉድጓዷን ያውቃታል፣ ለምን ወደ መሐል እንደወጣሽ ይገባዋል። እዚህ ብዙው ሹፌር ልጅ ሆኖ በኪራይ ካልሆነ ሳይክል ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ለሴት ደግሞ ምርቃት አለው። መስኮት አውርዶ፣ ጎን ለጎን እየነዳ፣ ሊያጫውተኝ የሚሞክረው ሰውዬ መንገዱን እያየ አይደለም። ጨዋታው ለእሱ ነው፣ ጉድጓዱ ለእኔ። ብትመልሺለት ይብሳል፣ ዝም ብትዪው ይከተልሻል። እኔ ከመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ሰው ካለበት ቆሜ አሳልፈዋለሁ። ማለዳ ሥራ የምትሄድ ሴት ይህን ሁሉ ማስላት ነበረባት?

ጎሚስታው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ፒያሳ አካባቢ ሳይክል እጠግናለሁ። «ጠርዝ ያዝ» ለምትሉ ሹፌሮች አንድ ጥያቄ አለኝ። ጠርዙ ላይ ምን እንዳለ ወርዳችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የአስፋልቱ ዳር የፍሳሽ መውረጃ ነው። የብረት ፍርግርግ አለ፣ የአንዳንዱ ክፍተት በጉዞው አቅጣጫ የተቆረጠ ነው። ቀጭን ጎማ ይውጣል። የፊት ጎማ ከገባ ሰውዬው በማኑብሪዮው ላይ አልፎ አስፋልት ላይ ነው የሚያርፈው። ክዳኑ የተሰረቀ ጉድጓድም አለ። ክረምት ላይ ውሃ ይሞላዋል፣ ጥልቀቱን የሚያውቀው የገባበት ብቻ ነው። አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ የጠርሙስ ስባሪው፣ ከሕንፃ ሥራ የወደቀው ሚስማር፣ ሁሉንም የመኪና ጎማ ከመሐል እየገፋ ወደ ዳር ያጠራቅመዋል። እኔ ጋ የሚለጠፈው ካማላዳሪያ አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። የቆመ መኪና ካለ ደግሞ በሩ ማን ላይ እንደሚከፈት አይታወቅም። ብስክሌተኛው ከዳር ሜትር ያህል ሲርቅ እልህ ይዞት አይደለም።

አሁን ወደ ብስክሌተኛው ልዙር። ፍሬናችሁን አሠሩ! ከማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ይዞ ወደ ለገሃር የሚወርድ ሰው ፔዳል ሳይመታ አርባ ኪሎ ሜትር በሰዓት ይገባል። በሰከንድ 11 ሜትር ነው። የፍሬኑ ጎማ ካለቀ ብረት ከብረት እየተፋጨ መጮህ እንጂ መቆም የለም። ዝናብ ሲሆን ጎማው የሚነክሰው ቸርኬ እርጥብ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ጨርሶ አይዝም፣ ውሃው እስኪጠረግ ትንሽ ይሄዳል። ያንን ርቀት ቀድማችሁ አስቡት።

የሚገርመኝ «የፊቱን ፍሬን አውልቅልኝ፣ ይገለብጠኛል» የሚለው ደንበኛ ነው። ወንድሜ፣ የሚያቆምህ እኮ የፊቱ ነው! ስትቆም ክብደትህ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል፣ የኋላው ጎማ ይቀልና ይንሸራተታል። ቀስ ብለህ፣ ሁለቱንም ይዘህ፣ ወገብህን ወደ ኋላ አድርገህ ቁም። እያወለቅህ የሰው ቪትዝ ውስጥ አትግባ።

ዴሊቨሪው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡45

@ጎሚስታው አድራሻህን በውስጥ ላክልኝ።

ማይን_ዳር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

ከፍራንክፈርት ነኝ። እዚህ መኪናም ሳይክልም እነዳለሁ። መጣላቱ እዚህም አለ፣ ጀርመን መሳደብ አይችልም ያላችሁ ማነው? ልዩነቱ የሚጣሉበት ነገር አስቀድሞ ተለክቶ መቀመጡ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 ጀምሮ በከተማ ውስጥ ብስክሌተኛን ስታልፍ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ የጭነት መኪና ከተማ ውስጥ ብስክሌተኛ ሊኖር በሚችልበት ቦታ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በእግረኛ እርምጃ ፍጥነት ነው። ይህ የመጣው ሹፌሩ ቀኝ ጎኑን ስለማያይ ነው። ከፍ ያለ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ከበሩ ሥር ያለ ብስክሌተኛ አይታየውም፣ በስፖኪዮም ቢሆን። ስለዚህ ሲኖትራክ ከቆመ በቀኙ ሹልክ ብላችሁ አትግቡ። ይህ ምክር የትም አገር ያው ነው።

ጋሽ ቪትዝ ደስ ይበላቸው፣ እዚህ ብስክሌተኛ ቀይ ከጣሰ 60 ዩሮ ይቀጣል፣ የቅጣት ነጥብም ይመዘገብበታል። ሰሌዳ ግን የለውም።

በር ለመክፈት ደግሞ ሆላንዶች የሚያስተምሩት ቀላል ዘዴ አለ። ሹፌር ከሆንክ በሩን በግራ እጅህ አትክፈት፣ በቀኝ እጅህ ክፈት። ክንድህን ስታሻግር ትከሻህ ይዞራል፣ ዓይንህም ወዶ ሳይሆን ተገዶ ወደ ኋላ ያያል።

ጋሽ_ቪትዝ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡40

የበሩን ዘዴ አሁን ወርጄ ሞከርኩት። ይሠራል።

1.5 ሜትር ግን ቀልድ ነው። በሁለት መስመር አራት መኪና በሚሰለፍበት ከተማ ያንን ክፍተት ከየት አመጣለሁ? ከፍራንክፈርት ላክልኝ።

ማይን_ዳር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡05

ጋሼ፣ ክፍተቱ ከሌለ አይለፉማ። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። እስኪሰፋ ከኋላው ይቆዩ። ሒሳቡን ልሥራልዎት። 100 ሜትር በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 24 ሰከንድ ነው። በ40 ቢሄዱ 9 ሰከንድ ነው። የሚያጡት 15 ሰከንድ ነው፣ እሱንም ቀጣዩ መብራት ላይ ይመልሱታል።

ወራጅ_አለ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡20

15 ሰከንድ ለአንተ ነው ወንድሜ። እኔ ጋ 15 ሰከንድ ሦስት ተሳፋሪ ነው።

የዲሲ_ታክሲ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሰላም ለሁላችሁ ከዋሽንግተን። እዚህ ከሾፌሮቹ ብዙዎቻችን ሀበሻ ነን፣ የብስክሌት መስመሩ ደግሞ በየዓመቱ ይጨመራል። አስቡት።

የእኔ ራስ ምታት ተሳፋሪ ማውረድ ነው። ደንበኛው «እዚሁ ጋ» ይላል፣ እዚሁ ጋ ማለት የብስክሌት መስመር ነው። ለአንድ ደቂቃ ከገባሁ 150 ዶላር። የዚያን ቀን ሥራ አበቃ ማለት ነው። ሳልገባ የመኪና መስመር ላይ ብቆም ደግሞ ከኋላ ያለው መንደሩን ያናውጠዋል። ስለዚህ ደንበኛ ሲጫን ገና «ጥግ ላይ ነው የማወርድህ» ብዬ እነግረዋለሁ። ኮከብ የሚቀንስብኝ አለ። ይቀንስ።

ሌላ የሚገርማችሁ፣ እዚህ ብስክሌተኛ የቁም ምልክት ላይ የሚመጣ መኪናና እግረኛ ከሌለ ሳይቆም እንዲያልፍ ሕጉ ይፈቅድለታል። መጀመሪያ ሳይ ደሜ ፈልቶ ነበር። ሰው ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ግን ገባኝ። የቆመ ብስክሌተኛ እንደገና ለመነሳት ጊዜ ይፈጅበታል፣ መስቀለኛው ላይ የሚቆይበትም ጊዜ ይረዝማል። ቶሎ ቢያልፍልኝ ለእኔም ይሻላል።

የመድን_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ኢንሹራንስ ውስጥ ስለምሠራ አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ያነሳው ስለሌለ።

ብስክሌተኛ ሲገጭ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ሹፌሩ ይወርዳል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ «ምንም አልሆነም፣ ተነስ፣ አይዞህ» ይባላል። ጥቂት ብር ኪሱ ይገባለታል፣ ሁለቱም ይሄዳሉ። ሕመሙ ሲነጋ ይመጣል። የዚያን ጊዜ ሰሌዳውን የያዘ የለም፣ ትራፊክ አልመጣም፣ ወረቀት የለም።

የሦስተኛ ወገን መድን ለማንኛውም መኪና ግዴታ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። መኪናው በሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ለራሱ ብረት አይደለም። ሹፌሩ ገጭቶ ቢያመልጥ ወይም መድን ሳይኖረው ቢገኝ እንኳ ተጎጂው የሚጠይቅበት የመድን ፈንድ አለ። ግን ፖሊስ ሪፖርት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለሹፌሩም ለተገጨውም፣ ትራፊክ ጥሩ። ሹፌሩን የሚጠብቀውም ያ ወረቀት ነው። ከሳምንት በኋላ «እግሬን ሰብሮኝ ነው» ብሎ ሽማግሌ ሲላክበት የሚይዘው ሌላ ነገር የለውም።

@ጋሽ_ቪትዝ ለስፖኪዮዎ ግን ይህ መድን አይሠራም፣ ለእሱ ሙሉ ሽፋን ያስፈልግዎታል። ብስክሌተኛውንም በፍትሐ ብሔር መጠየቅ ይችላሉ፣ ካገኙት።

ጋሽ_ቪትዝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

«ካገኙት»። እኔስ ምን አልኩ? ሰሌዳ!

ድምፅ_አልባ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ነው የምነዳው። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ዓይነቱ በዝቷል። ያስተዋልኩት ነገር ብስክሌተኛው አይሰማኝም። ቀስ ብዬ ሲኤምሲ ሰፈር ውስጥ ስሄድ ከኋላው መሆኔን አያውቅም፣ ድንገት ወደ መሐል ይገባል። ክላክስ ባደርግ ደንግጦ ይወድቃል። ባላደርግ አያውቅም። ምን ላድርግ?

ማይን_ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

አውሮፓ ውስጥ ይህን ችግር ዓይተው ከ2021 ወዲህ አዲስ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ በ20 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በታች ሲሄድ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያወጣ አስገድደዋል። ከዚያ በላይ የጎማው ድምፅ ራሱ ይሰማል። የአንተም መኪና ሊኖረው ይችላል። አንዳንዱ ላይ ማጥፊያ ቁልፍ አለ፣ ያመጣው ሰው አጥፍቶት እንዳይሆን እይ።

አዜብ_ጣና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ክላክስ አድርጉ እንጂ፣ ችግሩ ክላክሱ አይደለም። ከሩቅ፣ አጭር፣ አንዴ «ጲጵ» ቢል ሰላምታ ነው። ጆሮዬ ሥር ደርሶ እጁን የሚጭንበት ነው የሚያስደነግጠው።

እግረኛ_ነኝ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው፣ እዚህ ክር ላይ ግን እግረኛ የተነሳው ፎቶ ሊነሳ ሲቆም ብቻ ነው። ብስክሌት መስመሩ ሲያልቅበት ወዴት ይወጣል? እኔ ላይ! የእግረኛ መንገድ ላይ ደወል ሳያሰማ ከኋላዬ የሚመጣው ሳይክል ከእናቴ ጋር ስሄድ በጣም ያሳቅቀኛል። እሷ በደንብ አትሰማም።

የብስክሌት መስመሩ ውስጥ ትገባላችሁ ለምትሉን ደግሞ፣ አውቶቡስ የምንጠብቅበት ቦታ ላይ መስመሩ በመሐላችን ነው የሚያልፈው። የት እንቁም? የሠራው ሰው መልስ ይስጥ።

ፔዳል_ረገጥ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40

@እግረኛ_ነኝ ልክ ነሽ (ወይም ነህ)። እግረኛ መንገድ ላይ ከወጣን ወርዶ መግፋት ነው ያለው። ደወል የሌለው ደግሞ ይግዛ፣ ከካማላዳሪያ አይወደድም።

ፌርማታው ጋ ያለውን ነገር እኔም አልገባኝም። መስመሩ ከፌርማታው ጀርባ ቢዞር ኖሮ የሚወርደውም የሚጠብቀውም ከሳይክል ጋር አይገናኝም ነበር።

አወያይ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ሁለት አስተያየት አንሥተናል። አንደኛው የመኪና ሰሌዳ ቁጥር ከነፎቶው የለጠፈ ነው። የሰው ሰሌዳ እዚህ አይለጠፍም፣ ቅሬታ ካለ ለትራፊክ ፖሊስ ነው። ሁለተኛው የብሔር ስድብ ነው፣ ባለቤቱ ታግዷል። ስለ ፍሬን እያወራን ወደዚያ እንዴት እንደሚኬድ እኛም አልገባንም። ቀጥሉ።

ወራጅ_አለ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

ምሳ ሰዓት ላይ ተራ እየጠበቅሁ ለሌሎቹ ሹፌሮች ይህን ክር አነበብኩላቸው። አንዱ «ብስክሌተኛ በቀኝ የሚገባው እኛ ከጠርዙ ርቀን ስለምንቆም ነው፣ ተጠግተን ብንቆም መግቢያም አያገኝ» አለ። እውነቱን ነው። ጠርዝ ድረስ የማልጠጋው ቶሎ ለመውጣት ነው። ከተጠጋሁ ማንም አያስወጣኝም። ጋሽ ቪትዝን ጨምሮ።

ጋሽ_ቪትዝ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

አንተን ካስወጣሁ ከኋላህ ያሉት አምስቱም ተከትለው ይወጣሉ። አውቃችኋለሁ።

ወራጅ_አለ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡32

😂 እሱስ እውነት ነው። እንግዲህ ሁለቱን ያስወጡ።

ዴሊቨሪው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡50

የኋላ ቀይ መብራት ዛሬ ገጠምኩ፣ ጎሚስታው ጋ። ፍሬኑንም ለወጠልኝ። ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ «አላየሁህም» አይሉኝም።

ጋሽ_ቪትዝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

አየሁህ እልሃለሁ። ሰሌዳውስ?

ዴሊቨሪው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡07

እርስዎ መጀመሪያ ፍሬቻ ያሳዩ፣ ስለ ሰሌዳው ከዚያ እንነጋገራለን።